ካርዱን ከደላላ አትግዙ፦ «ፓስፖርትና ብር ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ፓስፖርትና ብር ይበቃል» ነው። ወደ ውጭ ለሚሄድ ሰው ምክር ለመስጠት የተጻፈ ነው። ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ እንዲህ ይላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ በየ10 ዓመቱ ካልታደሰ ዋጋ የለውም። ጎንደር ደጋ ስለሆነች መርፌው ራሱ አያስፈልገንም፣ የሚፈለገው ማህተሙ ነው። የጉዞ መድን ለኤምባሲ የሚከፈል ግብር ነው፤ አንድ ነገር ቢመጣ ወገን ያዋጣል። በቀበሌ የጤና መድን ያለው ሰው ደግሞ ሌላ መድን አያሻውም። ለሐጅ ተጓዥ፣ ለአሜሪካ ተጓዥ፣ ለዓረብ ሀገር ሠራተኛ ሁሉን ነገር ኤጀንሲው ይጨርስለታል። ማጠቃለያቸውም «የሚያውቅ ሰው ፈልግና ጨርስ» የሚል ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፉ እንዳላሰቡ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እኔ የምውለው ፒያሳ አካባቢ ትኬት በሚቆረጥበት ቢሮ ነው። ጽሑፉን ከስልኩ ላይ እያሳየ «እንዲህ ይላል እኮ!» የሚለኝ ደንበኛ ስለበዛብኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልመንላቸው። ብሶታቸው እውነት ነው። ከጎንደር ለሚነሳ ሰው ነገሩ ውድ ነው። ቪዛው፣ ቀጠሮው፣ የጤና ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው ያለው። ደርሶ መልሱ፣ አልጋው፣ ምግቡ ተደምሮ ሰው ሳይሄድ ይደክማል። ሂደቱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳም የለም። ደላላ የሚያተርፈው በዚህ ክፍተት ነው። የማልስማማው መፍትሔ ብለው መልሰው ወደ ደላላው በመላካቸው ነው። ሕጉ ለተጓዡ የሚሰጠው ብዙ ጥቅም አለ፤ ወረቀቱን ሳያነብ በሰው እጅ ያስጨረሰ ሰው ግን አንዱንም አያገኘውም።

በ10 ዓመቱ ጉዳይ ልጀምር። ኪስ የሚነካው እሱ ነው።

«ካርዱ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል» የሚለው ድሮ ልክ ነበር። አሁን አይደለም። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉን የጤና ደንብ አባሪ 7 አሻሻለ። ማሻሻያው ሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ለተከተበው ሰው የዕድሜ ልክ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሰጠ ካርድም በዚህ ይታቀፋል፤ ማብቂያ ቀን ተጽፎበት ቢሆንም እንኳ። የደንቡ አባል የሆነ ሀገር በዚህ ካርድ ላይ ማጠናከሪያ ክትባት አምጣ ብሎ ተጓዥን ማስገደድ አይችልም።

ስለዚህ «ይሄማ አልፎበታል፣ ላድስልህ» የሚል ሰው ከመጣ የሚታደስ ነገር የለም። ብራችሁን ያዙ። ያልሰማ ተረኛ ቢያነታርካችሁ «አባሪ 7» በሉት። ጸሐፊው ግን ገና የሚሠራ ካርድ በእጁ ያለውን ሰው ሁሉ ለደላላ አሳልፈው ሰጥተውታል።

ሁለተኛው «ጎንደር ደጋ ናት፣ ቢጫ ወባ የት አግኝቶን?» የሚለው ነው።

ደጋነቷን ማን ይክዳል! ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ግን ዴልሂ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀመጠው መኮንን የጎንደርን ብርድ አያውቅም። እሱ የሚያየው ከየትኛው ሀገር እንደመጣችሁ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የቢጫ ወባ ስጋት አለባቸው ብሎ በዘረዘራቸው ሀገሮች ውስጥ አለች። ዝርዝሩ የሚወጣው በሀገር እንጂ በከተማ አይደለም።

በዝርዝሩ የገባችውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳው ወረርሽኝ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው እንዳሳመመ፣ ወደ 30,000 የሚሆነውን እንደገደለ ይገመታል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደቡብ ኦሞ ላይ፣ በ2020 ደግሞ ጉራጌ ውስጥ እንደገና ታይቷል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ለይቶ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሕመሙ ጠንቶበት ዓይኑ ቢጫ ከሆነው ሰው ግማሽ ያህሉ ይሞታል። ክትባቱ ግን አለ፤ አንድ መርፌ ይበቃል።

ካርዱን አጥብቀው ከሚጠይቁት ሀገሮች ህንድ፣ ታይላንድና ደቡብ አፍሪካ ይገኙበታል። ለጀርመን ወይም ለጣሊያን ግን አይጠየቅም። ይህን የምለው ደላላ ለሁሉም ተጓዥ ስለሚሸጠው ነው።

ህንድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ወገናችን ለሕክምና የሚሄደው ወደዚያ ነው። ከስጋት ሀገር መጥቶ ትክክለኛ ካርድ ያልያዘ ሰው ህንድ ሲደርስ እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል። ስድስት ቀን የተባለው ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ የሚወስደው ጊዜ በዚያ ስለሚያልቅ ነው። እንግዲህ አስቡት። ቤት ንብረቱን ሸጦ ለኩላሊቱ የሄደ ሰው፣ የሆስፒታል ቀጠሮው ነገ ሆኖ፣ ከነአስታማሚው ተለይቶ ይቀመጣል። ለታማሚው ካርድ አውጥተው አስታማሚውን የሚረሱም አሉ። ደንቡ ለሁለቱም ያው ነው።

«ማህተም ብቻ ነው የሚፈለገው» የተባለው ደግሞ ካርዱን አገላብጠው ካለማየት የመጣ ይመስለኛል። ካርዱ ላይ ማህተም ብቻውን አይሠራም። ክትባቱን የሰጠው ወይም የተቆጣጠረው የጤና ባለሙያ በእጁ መፈረም አለበት፤ የተቋሙ ማህተም ፊርማውን አይተካም። የክትባቱ አምራችና የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩ ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ መሞላት አለበት። ተሰርዞ የተደለዘ ካርድ፣ ወይም አንዱ ቦታ ባዶ የቀረ ካርድ፣ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ካርዱ የግል ነው፤ ልጅ የራሱ ይኖረዋል እንጂ በእናቱ ካርድ አይገባም። መጻፍ ለማይችል ልጅ ወላጁ ይፈርምለታል። ደግሞም ካርዱ የሚጸናው ከመርፌው 10 ቀን በኋላ ነው። ሐሙስ ተወግቶ ቅዳሜ የሚበር ሰው ካርድ አለው፣ ግን የጸና ካርድ የለውም።

ደላላው ይህን 10 ቀን በብዕር ወደ ኋላ ይጽፈዋል። ሰውነት ግን በብዕር አይከተብም። በ2016 እ.ኤ.አ. አንጎላ ውስጥ ቢጫ ወባ ሲነሳ 11 ሰዎች በሽታውን ይዘው ወደ ቻይና ተመልሰዋል። ከኛም ለንግድና ለሥራ ወደ መካከለኛውና ምዕራብ አፍሪካ የሚሄድ አለ። የውሸት ካርድ ይዞ የሄደ ሰው ኬላውን ያልፍ ይሆናል። ከኬላው ወዲያ ግን ትንኟ ካርድ አትጠይቅም።

ሌላም የማይታይ ጉዳት አለ። ክትባቱ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ሰው አይሰጥም። ባለሙያ ከመውጋቱ በፊት ይጠይቃል። እንቁላል ሲበሉ በጣም ያምዎታል? እርጉዝ ነሽ? ልጁ 9 ወር ሞልቶታል? ካንሰር እየታከሙ ነው? ኩላሊት ተቀይሮልዎታል? ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብም በጥንቃቄ ይታያል። በጤናው ምክንያት መከተብ የማይችል ሰው ሐኪሙ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ጽፎ ይሰጠዋል። ደንቡ የመዳረሻው ሀገር ባለሥልጣናት ያንን ደብዳቤ ከግምት እንዲያስገቡ ይላል። የመጨረሻው ውሳኔ የነሱ ስለሆነ ግን ቀድሞ ኤምባሲያቸውን መጠየቅ ነው። ለሕክምና የሚሄድ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ይህ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ደላላ ዘንድ የለም።

በነገራችን ላይ ይህች ከተማ እኮ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የተከፈተባት ናት። የደምቢያ ሜዳ በወባ ወረርሽኝ ካለቀሰ በኋላ ማለት ነው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የተነሳው። ጤና ባለሙያ በሞላበት ከተማ ስለ ክትባት ደላላ ማማከር ያሳፍራል።

አሁን ወደ መድኑ ልምጣ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ነው በጣም የተሳሳቱት።

«ለኤምባሲ የሚከፈል ግብር ነው» ብለዋል። መጀመሪያ ነገር ብሩ ወደ ኤምባሲ አይሄድም። ለመድን ድርጅት ነው የሚከፈለው፤ እዚሁ ሀገር ውስጥ ካሉትም መግዛት ይቻላል። የሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገሮች፣ የቪዛ ሕግ የሚለው ግልጽ ነው። መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። በሁሉም የሸንገን ሀገሮች ይሥራ። ድንገተኛ ሕክምናን፣ አስቸኳይ የሆስፒታል አገልግሎትን፣ በሕመም ምክንያት ወደ ሀገር መመለስንና ሞትን ይጨምር። ይህ ሕግ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በአንጻሩ አሜሪካ ለጉብኝት ቪዛ መድን አትጠይቅም። አለመጠየቋ ግን ሕክምናው ርካሽ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም መድን ሳይዙ መታመም በጣም የሚያስፈራው እዚያ ነው።

«አንድ ነገር ቢመጣ ወገን ያዋጣል» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። እውነት ነው፣ ወገን ያዋጣል። ባህላችንም ነው፣ ያኮራል። ግን መዋጮ መቼ እንደሚጀመር እናውቃለን። ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። ሆስፒታሉ ሂሳብ ሲጠይቅ፣ ወይም አስከሬን በማቀዝቀዣ ሆኖ ቀን ሲቆጠር ነው። እዚህ ያለች እናት ልቅሶ ተቀምጣ አስከሬን ትጠብቃለች። እዚያ ያሉት ከሥራ ቀርተው ብር ያሰባስባሉ። እድራችን ጎንደር ላይ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ከፍራንክፈርት አስከሬን ግን አያመጣም። ያንን የሚያመጣው ጸሐፊው ግብር ያሉት ወረቀት ነው።

ደግሞ «ሲፈለግ አይሠራም» ብለዋል። የማይሠራበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ውሉ ውስጥ ተጽፎ ነው የሚገኘው። አራስ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት እንውሰድ። ደም ግፊትና ስኳር አለባት። የጉዞ መድን በአብዛኛው ከጉዞ በፊት የነበረን በሽታ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይነካውም። ስለዚህ ልጇ መድኑን ስትገዛ ይህን መጠየቅ አለባት። መድኃኒቷንም ለቆይታዋ የሚበቃ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ በእጅ ሻንጣ መያዝ ነው። እንዲሁም ሕክምና ፈልጎ ወደ ህንድ የሚሄድ ሰው ቀዶ ሕክምናውን የጉዞ መድን ይከፍልልኛል ብሎ እንዳይጠብቅ። የጉዞ መድን ለድንገተኛ ነገር ነው።

ሌላው የስልክ ቁጥሩ ነው። ውሉ ላይ 24 ሰዓት የሚሠራ የእርዳታ ስልክ አለ። ብዙ ውሎች ሆስፒታል ከመተኛታችሁ በፊት ወይም ወዲያው ወደዚያ እንድትደውሉ ይላሉ። መድኑን የገዛላችሁ ደላላ ያንን ገጽ አያሳያችሁም፤ ለኤምባሲ የሚገባውን አንድ ገጽ ብቻ አትሞ ይሰጣችኋል። ሙሉውን ጠይቁት። ቀኑንም እዩ። ትኬታችሁ በሁለት ቀን ቢገፋ መድኑ አብሮ አይገፋም፤ አስቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል። ቪዛ ከተከለከላችሁም ብዙዎቹ ውሎች የክልከላ ደብዳቤ ሲቀርብ ብሩን፣ ወይም ከፊሉን፣ ይመልሳሉ። ይህን መብት የሚጠቀም ሰው ብዙም አላየሁም። ደላላው ተቀብሎት ይሆናል፣ እንጃ።

«የቀበሌ የጤና መድን ያለው ሌላ አያሻውም» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ትልቅ ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ስንቱን ቤተሰብ ከብድር አውጥቷል። ግን የሚሠራው ሀገር ውስጥ፣ ውል በገቡ የጤና ተቋማት፣ በሪፈራል ቅደም ተከተል ነው። ከድንበር ወዲያ አይሻገርም። ሮም ላይ ያንን ደብተር የሚያነብ የለም።

ለትምህርት የሚሄዱትን ጸሐፊው ጭራሽ አላነሱም። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚወጡ መምህራንና ተማሪዎች ስላሉ ሁለት ነገር ልጨምር። ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለመመዝገብ የጤና መድን ግዴታ ነው፤ ለቪዛ የተገዛው የጉዞ መድን ለምዝገባው አያገለግልም። ሁለቱን ለይታችሁ በጀት ያዙ። እንግሊዝ ደግሞ ከ6 ወር በላይ ለሚቆይ ሰው ከቪዛው ጋር የጤና ክፍያ ታስከፍላለች። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፤ ለተማሪ 776። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ የቲቢ ምርመራ ውጤትም ትጠይቃለች፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው። በጣም ቀድሞ ማሠራት ብር ማባከን ነው።

ስለ ሐጅና ኡምራ ተጓዦች «ኤጀንሲው ይጨርሳል» ተብሏል። ኤጀንሲው ብዙ ነገር ይሠራል፣ እውነት ነው። ክንዱን የሚሰጠው ግን ሁጃጁ ነው። ሳዑዲ የማጅራት ገትር ክትባት ትጠይቃለች፤ ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ እና ዋይ የተባሉትን አራት ዓይነቶች የሚከላከለውን። ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወጋት አለበት። እንደ ክትባቱ ዓይነት ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ያገለግላል። ሕጉ ከመከራ የመጣ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ከሐጅ ጋር የተያያዘ ትልቅ ወረርሽኝ ነበር። በ2000 እና በ2001 ደግሞ ደብልዩ የተባለው ዓይነት መጣ፤ ተጓዦች ይዘውት ወደየሀገራቸው ገቡ። እኛ ደግሞ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ነው የምንኖረው። አንድ ሽማግሌ አባት በወረቀት ብቻ ተከትበው ወደዚያ ሕዝብ መሀል ቢገቡ ማንን ነው ያታለልነው? የቢጫ ወባ ካርዱም እንዳይረሳ።

ለቋሚ ኑሮ ወደ አሜሪካ ስለሚሄዱት ጸሐፊው «ሁሉንም ክትባት እንደገና ይወጉሃል፣ ብር መሰብሰቢያ ነው» ብለዋል። የክትባት ማስረጃ ማቅረብ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የተቀመጠ ነው። ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ፖሊዮ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሌሎችም አሉበት፤ ለየዕድሜው ይለያያል። «ሁሉንም እንደገና» የሚባለው ግን ማስረጃ ለሌለው ሰው ነው። ሐኪሙ የቀድሞ የክትባት ካርድ ያያል፤ በትክክል የተመዘገበ መጠን ይቆጠራል። የልጆቻችሁ የጤና ጣቢያ ካርድ ከየትም ሳጥን ይፈለግ። ከጠፋም የተከተቡበት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መዝገቡን አስፈልጉ። ጠዋት አንድ ጊዜ መመላለስ ልጁን ከብዙ መርፌ፣ እናንተንም ከብዙ ወጪ ያድናል።

የቀረው የዓረብ ሀገር ሠራተኞች ጉዳይ ነው። «ሜዲካል ካለፍሽ መድኑም አለቀ» ይላል ጽሑፉ። ፈጽሞ አይገናኙም። ሜዲካል ማለት አሠሪውና ሀገሩ ስለ ሠራተኛዋ ጤና የሚያውቁበት ምርመራ ነው። መድን ማለት እሷ ስትታመም ማን እንደሚከፍል የሚወስን ውል ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጪውን ለይቶ አስቀምጦታል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ሽፋን በአሠሪው ላይ ነው። የሕክምና ምርመራና የክትባት ወጪ በሠራተኛው ላይ ነው። ስለዚህ «የመድን» እያለ ከልጅቷ ላይ ብር የሚቀበል ደላላ ከመጣ የአሠሪውን ዕዳ ነው ከእሷ የሚሰበስበው። በሱዳን ድንበር በመተማ በኩል በእግር የሚወጣው ልጅ ደግሞ ይህ ሁሉ የለውም፤ ውልም፣ መድንም፣ የሚደውልበት ቁጥርም።

በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ ልጅ ያለችው ቤተሰብ ከመሄዷ በፊት ውሉን ተቀብሎ የመድኑን አንቀጽ ይፈልግ። የመድን ድርጅቱ ስም፣ የፖሊሲው (የመድን ውሉ) ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎ ካላገኘ ኤጀንሲውን በጽሑፍ ይጠይቅ። መልሱ «አትጨነቁ፣ እዚያ ስትደርስ ይሠራላታል» ከሆነ ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄዶ ውሉን ማሳየት ይሻላል።